ኪራይ የማይከፍል ደባል

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው ወደ ሜዳው ነው። አደይ አበባው፣ የጠራው ሰማይ፣ ጭቃው የደረቀለት መንገድ ሲመሰገን እንሰማለን። እኔ ግን ዛሬ አንባቢዎቼን ወደ ሜዳው ሳይሆን ወደ አልጋቸው ሥር ልመራቸው አስቤአለሁ። ከሰኔ ጀምሮ ያልተጫማችሁት የቆዳ ጫማ ካለ እስቲ አውጡትና እዩት። አመድ የነሰነሱበት የሚመስል፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነገር በላዩ ታገኙ ይሆናል። ቀጥላችሁም ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ሳብ አድርጉና ከበስተጀርባው ተመልከቱ። ጥቁር ነጠብጣብ እንደ ተረጨ ቀለም ተበትኖ ካያችሁ፣ ክፍሏን ብቻችሁን እንዳልተከራያችኋት ዕወቁ። ደባል ገብቶባችኋል። ኪራይ አይከፍልም፤ ለመብራትና ለውኃ አያዋጣም፤ ሌሊት ግን በምትተነፍሱት አየር ላይ የራሱን ብናኝ ይጨምርበታል።

የዚህ ደባል ስም ሻጋታ ነው።

ስሙ ለማንም አዲስ አይደለም። በመሶብ ከሰነበተ እንጀራ ላይ ሁላችንም እናውቀዋለን። በእንጀራው ላይ ስናየው ፊታችንን እናኮሳትራለን፣ እንጥለዋለን፤ በግድግዳው ላይ ስናየው ግን «ክረምት እኮ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ይህ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። የሻገተውን እንጀራ አለመብላት እንችላለን፤ የቤታችንን አየር አለመተንፈስ ግን አንችልም።

ሻጋታ ዕፅ አይደለም፤ እንስሳም አይደለም። ፈንገስ ከሚባለው ወገን ሲሆን እንጉዳይና እርሾ ዘመዶቹ ናቸው። አረንጓዴ ቅጠል ስለሌለው እንደ ዕፅዋት ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ማዘጋጀት አይችልም፤ ስለዚህ ሌላው ያዘጋጀውን ይበላል። እንጨት፣ ወረቀት፣ ጨርቅ፣ ቆዳ፣ ጭድ፣ በቀለም ላይ ያረፈ አቧራ እንኳ ይበቃዋል። ምግቡ በየቤቱ ሞልቷል፤ የሚጐድለው ውኃ ብቻ ነው። እርጥበት ባገኘ ጊዜ ግን በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ መብቀል ይጀምራል። የሚራባውም ስፖር በሚባል እጅግ ደቃቅ ብናኝ ነው።

ይህን ብናኝ በሚገባ ከመረመሩት ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ፒየር አንቶንዮ ሚኬሊ የሚባል የፍሎሬንስ ቄስ ነበር (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቄሱ የሻጋታን ብናኝ በሐብሐብ መሳይ ፍሬ ቁራጭ ላይ ዘርቶ፣ ያው ዓይነት ሻጋታ መልሶ እንደሚበቅል በ1729 ባሳተመው መጽሐፍ ገለጠ። ከሻጋታዎቹም አንዱን በማጉያ መሣሪያ ሲያየው ቅርጹ በቤተ ክርስቲያኑ ጠበል የሚረጭበትን ዕቃ ስለ መሰለው በዚያው ዕቃ ስም አስፐርጂለስ ብሎ ሰየመው። ስሙ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ለሻጋታ እንዲህ ያለ የተቀደሰ ስም መስጠቱ ለእኔ ይበዛበታል፤ ምክንያቱም አስፐርጂለስ ፉሚጋቱስ የሚባለውን ወገን የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ዝርዝር ላይ እጅግ አሳሳቢ ናቸው ካላቸው አራት ፈንገሶች መካከል አስገብቶታል።

የዚህ ሻጋታ ብናኝ ውፍረት አንድ ሚሊሜትር ለሺሕ ቢከፈል ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ያህል ነው። የራስ ጠጕር ከእርሱ ጋር ሲተያይ የዋርካ ግንድ ነው። አፍንጫችን በጠጕሩና በንፍጡ ትልልቁን አቧራ ይይዝልናል፤ እንዲህ ያለው ደቃቅ ግን ያመልጠውና በአየር ቧንቧ ወርዶ እስከ ሳንባ ከረጢቶች ይደርሳል። በዚያ ዘብ የቆሙ የሰውነት ሕዋሳት አሉና ጤናማ በሆነ ሰው ሳንባ ውስጥ ውጠው ያጠፉታል። በሜዳም ሆነ በገበያ ይህን ብናኝ ሳይተነፍስ የሚውል ሰው የለም። ነገሩ የሚበላሸው ብናኙ ከልክ በላይ ሲበዛ፣ ወይም ተቀባዩ ሰው ሲደክም፣ ወይም ዘቦቹ ከሚገባው በላይ ሲቆጡ ነው።

ለተማሪዎቼ ይህን ለማስረዳት ብዙ መሣሪያ አላስፈለገኝም። አንድ ዳቦ ለሦስት ቆረጥን። አንዱን በደረቁ ተውነው። ሁለተኛውን ውኃ ረጭተን ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ ዘጋንበት። ሦስተኛውንም እንዲሁ ውኃ ረጭተን ፀሐይና ነፋስ በሚያገኘው መስኮት ላይ አኖርነው። በሳምንቱ ስናየው የሻገተው በጣሳ የተዘጋው ብቻ ነበር፤ በመስኮት የነበረው እንደ ድንጋይ ደርቋል። ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ እጁን አነሣና «መምህር፣ የእኛ ቤት ከሦስቱ የትኛው ነው?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ ግን ከዚያ የተሻለ ጥያቄ በዚያ ዓመት አልሰማሁም።

እንግዲህ ወደ ሳንባው እንመለስ። መጀመሪያ የሚነካው አፍንጫ ነው። ጧት ሲነሡ ተከታትሎ ማስነጠስ፣ የአፍንጫ መታፈን፣ የዓይን ማሳከክ፣ ጉሮሮ ውስጥ እንደ ጭራሮ የሚቧጥጥ ነገር መሰማት ይኖራል። ብዙው ሰው «ጉንፋን አልለቅ አለኝ» ይላል። ጉንፋን ግን በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይለቃል፤ በሐምሌ ገብቶ በጥቅምት የሚወጣ ጉንፋን የለም።

ከዚህ የሚከፋው አስም ነው። አስም ባለበት ሰው የአየር ቧንቧው ውስጡ ያብጣል፣ በዙሪያው ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፣ አክታም ይሞላበታል። በተለይ የሚያስቸግረው አየር ማስገባቱ ሳይሆን ማስወጣቱ ነው፤ ደረቱም ሲር ሲር ይላል። ሻጋታ ይህን ሕመም ይቀሰቅሳል። የአሜሪካ የሕክምና ተቋም በ2004፣ የዓለም የጤና ድርጅትም በ2009 የተደረጉትን ጥናቶች ሰብስበው መርምረው ነበር፤ እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ሳልና ሲርታ እንደሚበዛባቸው፣ አስማቸውም እንደሚባባስ ሁለቱም ተስማምተዋል። የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ ደግሞ ይህን ያህል ብናኝ ደኅና ነው፣ ከዚህ በላይ ግን ጉዳት ነው ብሎ ልክ ለመወሰን አልደፈረም። እርጥበቱንና ሻጋታውን አስወግዱ ብቻ ነው ያለው። ይህ ምክር ለእኛ ይመቸናል፤ መለኪያ መሣሪያ መግዛት አያስፈልገንምና።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ጥቂት ሰዎችን ብቻ ይይዛል፣ ከያዘ ግን አደገኛ ነው። በአውሮፓ «የገበሬ ሳንባ» ይሉታል፤ የሻገተ ድርቆሽ የሚያገላብጡ ገበሬዎች ስለሚታመሙበት ነው። ሰውየው ብናኙን ከተነፈሰ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ያተኵሰዋል፣ ይብረከረካል፣ ያስለዋል፤ በማግሥቱ ይሻለውና ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ደግሞም ይታመማል። እንዲህ እየተመላለሰ ሲከርም ሳንባው ጠባሳ ያበጃል፤ ጠባሳ ያበጀ ሳንባ ደግሞ ወደ ቀድሞው አይመለስም። በአገራችን ልንዘነጋው የማይገባ ሌላም ነገር አለ። በሳንባ ነቀርሳ ታሞ በመድኃኒት የዳነ ሰው በሳንባው ውስጥ ጐድጓዳ ቦታ ሊቀርበት ይችላል፤ አስፐርጂለስ በዚያ ገብቶ እንደ ኳስ ተጠቅልሎ ያድግና ደም እስከ ማስተፋት ይደርሳል። «ነቀርሳው ተመልሶብኝ ነው» ብሎ የሚደነግጥ ሰው ሐኪሙ ይህንንም እንዲመረምርለት ይጠይቅ።

«ይሁን እንጂ ሻጋታ ሰው ይገድላል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። በእንግሊዝ አገር፣ በማንችስተር አጠገብ፣ ሮችዴል የምትባል ከተማ አለች። በዚያች ከተማ ከጎረቤታችን ከሱዳን የመጡ ባልና ሚስት አንድ መኝታ ክፍል ባላት የኪራይ ቤት ይኖሩ ነበር። ባልየው በ2017 ግድግዳው እንደ ሻገተ ለአከራዩ ድርጅት አስታወቀ። የተሰጠው ምክር ቀለም ቀባበት የሚል ነበር። ቀባበት፤ ሻጋታው ተመልሶ ወጣ። በ2018 መጨረሻ አዋብ የሚባል ወንድ ልጅ ተወለደላቸው። ልጁ ደጋግሞ ይታመም ጀመር። በ2020 አጋማሽ ቤቱን የተመለከተው ሰው በማድ ቤቱና በመታጠቢያ ቤቱ መጠገን የሚገባው ሻጋታ እንዳለ አየ፤ ነገር ግን ቤተሰቡ በጠበቃ በኩል አቤቱታ ጀምሮ ስለ ነበር፣ ጉዳዩ እስኪያልቅ ተብሎ ጥገናው ሳይደረግ ቀረ። ልጁ በዚያው ዓመት በዲሴምበር፣ ሁለት ዓመት ከሞላው ከሳምንት በኋላ፣ ሞተ።

የሞቱን ምክንያት የመረመሩት ባለ ሥልጣን በኖቬምበር 2022 በሰጡት ውሳኔ፣ ሕፃኑ የሞተው በቤቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሻጋታ ሲተነፍስ በመኖሩ በያዘው ጽኑ የመተንፈሻ ሕመም ነው አሉ። በዚያ ምርመራ ከተሰሙት ነገሮች ሁሉ እኔን የከነከነኝ አንድ ነው። አከራዮቹ ሻጋታውን ያመጣው የቤተሰቡ አኗኗር ነው ብለው ገምተው ነበር፤ እንዴት እንደሚታጠቡ፣ እንዴት እንደሚያበስሉ በሐሳባቸው ፈረዱባቸው እንጂ ግድግዳውን አልፈረዱበትም። ከዚህ በኋላ የእንግሊዝ ፓርላማ በ2023 ሕግ አወጣ፤ ሕዝቡም በልጁ ስም የአዋብ ሕግ ይለዋል። ሕጉ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ በማኅበራዊ ኪራይ ቤቶች ላይ ሲሠራበት፣ ለሕይወት የሚያሰጋው ነገር በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲወገድ፣ ከባድ እርጥበትና ሻጋታም አከራዩ በሰማ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲመረመርና አደጋ ከተገኘ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲታረም ያዛል።

እዚህ ላይ ሚዛን መጠበቅ ይገባል። በ1993 እና በ1994 በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ ሳንባቸው የሚደማ ሕፃናት ተገኙና ምክንያቱ ስታኪቦትሪስ የሚባለው ጥቁር ሻጋታ ነው ተባለ። ጋዜጦች «መርዘኛው ጥቁር ሻጋታ» እያሉ አገሩን አስደነገጡ። በ2000 ግን የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ጥናቱን እንደ ገና አስመርምሮ፣ ሻጋታው ለደሙ ምክንያት መሆኑ አልተረጋገጠም አለ። ስለዚህ ጥቁር ነጥብ ባያችሁ ጊዜ ዛሬ ሌሊት እንሞታለን ብላችሁ አትደንግጡ፤ አረንጓዴ ወይም ነጭ ስለ ሆነም አትናቁት። የሻጋታ ክፋት በቀለሙ አይለካም።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ዝናቡ የሚበዛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል። ቤቱ የጭቃ ከሆነ በምርጊቱ ውስጥ ጭድ አለ፤ ጭድ ከረጠበ ለሻጋታ ድግስ ነው። የኮርኒሱ ጨርቅም፣ ማዳበሪያም ቢሆን፣ አቧራ የጠገበ ነው። ግድግዳው ላይ ደግሞ ወረቀት ይለጠፋል፤ መለጠፊያውም በብዙ ቤት የዱቄት ሙጫ ነው። ይህን መጽሔት አንብበው ከጨረሱ በኋላ ገጾቹን በዱቄት ሙጫ ግድግዳ ላይ የሚለጥፉ አንባቢዎች እንዳሉ ዐውቃለሁ፤ ለክብሩ እናመሰግናለን፣ ነገር ግን ለሻጋታው ወረቀቱን እንጀራ፣ ሙጫውን ወጥ አድርጋችሁ እያቀረባችሁለት ነው።

የብሎኬትና የስሚንቶ ቤት የሚኖረውም ቢሆን አይኩራ። ቀዝቃዛ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ላብ እንደሚያወጣ አይታችኋል። ውኃው ከጠርሙሱ አልወጣም፤ በክፍሉ አየር ውስጥ የነበረው ተን ቀዝቃዛውን ነገር ሲነካ ወደ ውኃነት ተመለሰ እንጂ። የስሚንቶ ግድግዳም በክረምት ሌሊት እንደዚያ ጠርሙስ ነው። አንድ ሰው ተኝቶ ሲያድር በትንፋሹና በላቡ አንድ ብርጭቆ ያህል ውኃ ወደ አየር ይለቃል። በአንዲት ክፍል ሦስት ሰው ሲተኛ፣ በዚያው ክፍል ምስር ሲቀቀል፣ ዝናብ ነው ተብሎ ልብስ በገመድ ውስጥ ሲሰጣ፣ ያ ሁሉ ውኃ የት ይሄዳል? መስኮቱ ተዘግቷል። ስለዚህ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ፣ ከአልጋው ራስጌ፣ ነፋስ ከማይደርስበት ማዕዘን ሄዶ ያርፋል።

መስኮቱ ለምን ይዘጋል? ብርድ ይመታናል፣ ምች ይነካናል ብለን ነው። ሠላሳ ሰው የታጨቀበት አውቶቡስ ውስጥ አንዱ ሲያስል እየሰማን መስኮት የከፈተን ሰው በግልምጫ የምንገድለው በዚሁ ምክንያት ነው። እናቶቻችንን በዚህ ነገር መከራከር ከባድ መሆኑን ዐውቃለሁ፤ እኔም በቤታችን ይህን ክርክር አሸንፌ አላውቅም። ስለዚህ አንድ ማስታረቂያ አለኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ ክፈቱ አልልም። ጧት ከአልጋ ስትነሡና ማታ ምግብ ከበሰለ በኋላ በርና መስኮቱን ፊት ለፊት ከፍታችሁ ለአሥር ወይም ለአሥራ አምስት ደቂቃ ነፋሱ እንዲያልፍ አድርጉ። የፈራ ሰው ለዚያች ጊዜ ጋቢውን ተከናንቦ ደጅ ይቁም።

ሻጋታ ባያችሁ ጊዜ ግን የመጀመሪያው ሥራ መጥረግ አይደለም፤ ውኃው ከየት እንደ መጣ ማወቅ ነው። ለዚህም ነጥቡ የወጣበት ቦታ ይመሰክራል። ከወለሉ ተነሥቶ እስከ አንድ ሜትር ያህል ከፍታ ድረስ ግድግዳው ከረጠበና ቀለሙ ከተላጠ፣ ውኃው ከመሬት እየተሳበ ነው፤ ከቤቱ ውጭ በግድግዳው ሥር ውኃ ይታቆር እንደ ሆነ ዞራችሁ እዩ፣ የቦይ መቅደድ ሥራ ይበቃው ይሆናል። ከላይ ከኮርኒሱ አጠገብ ቢጫ ክብ ካለና ዝናብ በዘነበ ቁጥር የሚሰፋ ከሆነ ቆርቆሮው ተበስቷል ወይም ሚስማሩ ለቋል። ነጥቡ በማዕዘን፣ በመስኮት ዙሪያና ከዕቃ ጀርባ ብቻ ከሆነ ግን ውኃው የራሳችሁ ነው፤ ትንፋሽ፣ እንፋሎትና እርጥብ ልብስ ነው።

ይህን መለየት ለተከራይ ትልቅ ጥቅም አለው። ክርክሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «እትዬ፣ ግድግዳው እየረጠበ ነው» ይላል ተከራዩ። «ልጄ፣ መስኮቱን ዘግተህ ወጥተህ ማታ ነው የምትመጣው፤ እኔ ምን ላድርግህ?» ይላሉ አከራይቱ። እርሳቸውም አንዳንድ ጊዜ እውነት አላቸው። ነገር ግን የተበሳ ቆርቆሮ መስኮት በመክፈት አይደፈንም። ስለዚህ ቅሬታ ስታቀርቡ የቦታውን ምልክት አሳዩ፤ ከዝናብ በፊትና ከዝናብ በኋላ ፎቶግራፍ አንሡ፤ የሚቻል ከሆነ ጥገናውን ለመሥራትና ወጪውን ከኪራይ ላይ ለማሰብ ተስማሙ፤ ስምምነቱንም በወረቀት አድርጉት። እትዬን ማስቀየም አያስፈልግም፤ የሻገተ ግድግዳ የሚፈርሰው የእርሳቸው ቤት ነውና ነገሩን በዚህ በኩል ብታነሡባቸው ይሰማሉ።

የቀደሙት ሰዎች በዚህ ነገር ከእኛ ይልቅ ቆራጦች ነበሩ። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 በቤት ግድግዳ ላይ ስለሚወጣ አረንጓዴ ወይም ቀይ ምልክት ተጽፏል፤ መጽሐፉ የቤት ለምጽ ይለዋል፤ ሻጋታ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ባለቤቱ ለካህኑ ይናገራል፤ ዕቃው ይወጣል፤ ቤቱ ሰባት ቀን ይዘጋል። ምልክቱ ከሰፋ የተበከለው ድንጋይ ተነቅሎ ከከተማ ውጭ ይጣላል፣ ምርጊቱ ይፋቃል፣ በአዲስ ድንጋይና በአዲስ ጭቃ ይመረጋል። ተመልሶ ከወጣ ቤቱ ይፈርሳል። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ቀለም ቀባበት የሚል ቃል እንደሌለ ልብ በሉ።

በእርጥብ ግድግዳ ላይ የዘይት ቀለም መቀባት እርጥበቱን ከውስጥ አፍኖ ማስቀረት ነው፤ ጥቂት ቆይቶ እንደ ቆዳ ይላጣል። ኖራ ይሻላል፤ ግድግዳው እንዲደርቅ ያደርጋል፣ ሻጋታም ኖራን አይወድም። የውኃው ምንጭ ካልተዘጋ ግን ኖራውም ያሸንፈዋል ማለት ዘበት ነው።

የሻገተው ቦታ ከአንድ ካሬ ሜትር ያነሰ እንደ ሆነ ራሳችሁ ልታጸዱት ትችላላችሁ። በደረቁ በመጥረጊያ አትጥረጉት፤ እንዲያ ማድረግ ብናኙን በክፍሉ ሁሉ መዝራት ነው። መስኮት ክፈቱ፣ አፍንጫና አፋችሁን በደንብ በሚገጥም ጭምብል ሸፍኑ፣ ጓንት አድርጉ፤ ከዚያም በሳሙናና በውኃ በረጠበ ጨርቅ ፈግፍጉት፤ በመጨረሻም ፈጽማችሁ አድርቁት። በረኪና ለሰቆችና ለመስታወት ይሆናል፤ በጭቃ ግድግዳና በእንጨት ላይ ግን ላዩን ያነጣዋል እንጂ ሥሩን አይነካም። ከአሲድ ወይም አሞንያ ካለበት ማጽጃ ጋር በረኪናን ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሻጋታው በብዙ ዓመት የማያደርሰውን ጉዳት በአንድ ሰዓት ያደርሳል። ውስጡ ድረስ የሻገተ ፍራሽና ትራስ አይጸዳም፤ ቢያሳዝንም ይጣል። አስም ያለበት ሰው ይህን ሥራ ለጓደኛው ይስጥ።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ። ቤቱን ለማድረቅ ብላችሁ የተቀጣጠለ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታስገቡ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አያስልም፣ አያስነጥስም፤ የተኛውን ሰው እንደ ተኛ ይወስደዋል። በየክረምቱ በዚህ የሚሞት ሰው ወሬ የማንሰማበት ዓመት ብርቅ ነው።

የታመመ ሰው ቤት ውስጥ ካለስ? ለራሳችሁ አንድ ቀላል ፈተና ስጡ። ለመስክ ሥራ ወይም ለእረፍት ጥቂት ቀን ወጥታችሁ ስትሰነብቱ ሳሉ የሚተዋችሁ፣ ወደ ክፍላችሁ ስትመለሱ ደግሞ የሚመለስ ከሆነ፣ ለሐኪሙ ይህንኑ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት ግድግዳችሁን ሊያይ አይችልም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ግን ሻጋታ ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ አክታ አስመርምሩ፣ የሳንባ ነቀርሳ በአገራችን ገና አልጠፋምና። ሕፃን ልጅ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ መካከል ወደ ውስጥ የሚሰረጐድ ከሆነ፣ ወይም መጥባት ካቃተው፣ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ነገ ጧት የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ሌሊት ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ።

ስለ አስም መድኃኒትም አንድ ቃል። በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት «አንዴ ከለመዱት አይለቅም» እያሉ የሚሸሹት ብዙዎች ናቸው። ይህ ስሕተት ነው፤ መድኃኒቱ ሱስ አያስይዝም። የማይለቀው ሕመሙ ነው። በደንብ መለየት የሚገባው ሁለቱን ዓይነት ነው፤ አንደኛው ያፈነውን ቧንቧ ወዲያው የሚከፍት ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ የቧንቧውን እብጠት ቀስ በቀስ የሚያበርድ ነው። የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ የሚኖር ሰው እሳቱን ትቶ ጢሱን እንደሚያራግብ ያለ ነው፤ ስለ ሁለተኛው ሐኪሙን ይጠይቅ።

በመጨረሻም ተማሪ አንባቢዎቼ ስለ መጻሕፍት ደጋግመው ይጠይቁኛል። የሻገተ መጽሐፍ በክፍል ውስጥ አይራገፍም። ወደ ደጅ ይወጣል፤ ገጾቹ ፈታ ተደርገው ጥላና ነፋስ ባለበት ይደርቃሉ፤ ኃይለኛ ፀሐይ ወረቀቱን ያደርቀዋል፣ ቀለሙንም ይመጥጠዋል። ከደረቀ በኋላ ብናኙ በለስላሳ ጨርቅ ወይም በብሩሽ፣ ከራስ ወደ ውጭ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ ይጠረጋል። መደርደሪያውም በሳሙና ይታጠብና ይደርቃል፤ ወደ ቦታው ሲመለስ ከግድግዳው አራት ጣት ይራቅ፤ መጻሕፍቱም ተጣብቀው ሳይሆን ነፋስ እንዲያልፍባቸው ላላ ተደርገው ይደርደሩ።